ባቤል እያለ ፕሮሚስ አሮጌው ብሮውዘር ላይ ለምን እምቢ ይላል?

ባቤል (አዲሱን የጃቫስክሪፕት ኮድ አሮጌ ብሮውዘር ወደሚረዳው የሚመልሰው መሣሪያ) የሚቀይረው አጻጻፉን ብቻ ነው። የቀስት ፈንክሽኑን ወደ ተራ ፈንክሽን፣ ኮንስትን ወደ ቫር ይመልስልሃል። ፕሮሚስ (ቆይቶ የሚመጣን ውጤት የሚይዘው የጃቫስክሪፕት ነገር) ግን ብሮውዘሩ ውስጥ ራሱ መኖር አለበት፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም። ኮድህ ተቀይሮም «ፕሮሚስ አልተገለጸም» የሚልህ ለዚህ ነው። የጎደለህ ፖሊፊል ነው፤ ማለትም ብሮውዘሩ የሌለውን ነገር የሚተካ ኮድ።

1. ኮር ጄኤስ 3ን (የፖሊፊሎች ስብስብ ነው) ጫን።
2. ባቤል 7 ከሆነ የምትጠቀመው፣ ፕሪሴት ኢንቭ (preset-env) በሚባለው የባቤል ቅንብር ላይ ዩዝ ቢልት ኢንስን (useBuiltIns) «ዩሴጅ» (usage) አድርገው። የኮር ጄኤስን ቨርዥንም እዚያው ጻፍ።
3. የብሮውዘርስሊስት ዝርዝርህ (ኮድህ እንዲሠራባቸው የምትፈልጋቸው ብሮውዘሮች) ውስጥ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 መኖሩን እይ። ከሌለ ባቤል አያስፈልግም ብሎ ያልፈዋል።

ፌች (ከሰርቨር ዳታ የሚያመጣው ፈንክሽን) ኮር ጄኤስ ውስጥ የለም፤ የራሱን ፖሊፊል ለብቻው ጫንለት።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎም ገጹ ባዶ ነጭ ሆኖ ሲቀር ደጋግሜ አይቻለሁ። ያኔ ኖድ ሞጁልስን (የጫንካቸው ላይብረሪዎች ያሉበትን ፎልደር) ጠርጥር። ብዙ ጊዜ ባቤል እንዲዘለው ስለሚደረግ፣ አንድ ላይብረሪ ውስጥ የተረሳች አንዲት የቀስት ፈንክሽን ሙሉውን ፋይል ታስቆማለች። ያንን ላይብረሪ ብቻ ለይተህ በባቤል አሳልፈው። ፎልደሩን በሙሉ እንዳታስገባ ግን! ኮር ጄኤስ ራሱ በባቤል ካለፈ ሊበላሽ ይችላል።