ውሉ “ዘፈን” ይላል፣ አንተ “ሥራ” ትላለህ

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ሌላው አንባቢ እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። 21 ዓመትህ ነው። ኮልፌ ተወልደህ አደግክ፣ አካውንቲንግ 3ኛ ዓመት ነህ። አያትህ ከወሎ ይዘውት የመጡትን መንዙማ እየሰማህ አድገህ በራስህ ጊዜ ራፕ ለመድክ። ሁለቱን አጋጥመህ ቲክቶክ ላይ የለቀቅከውን ሰው ወደደልህ። አሁን አንድ ስቱዲዮ 8 ሥራ በነጻ ልሥራልህ፣ ለ5 ዓመት ፈርምልኝ ብሎሃል። እናትህ ደግሞ “ወይ መንዙማውን ያዝ ወይ ራፑን” ብለውሃል። ትምህርቴን ትቼ ልፈርም ወይ ነው ጥያቄህ።

አትፈርም። ይሄን ወረቀት ማለቴ ነው። ትምህርቱንም አትተው።

ከአንድ ቃል ልጀምር። ደብዳቤህ ውስጥ “ዘፈን” የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። “ሥራዎቼ” ትላለህ፣ “ግጥሞቼ” ትላለህ። ፎቶ አንስተህ የላክልኝ ውል ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው “ዘፈን” እያለ ነው የሚሄደው። ሰውዬው ክፉ ነው አላልኩም። አንተና እሱ ግን የምታወሩት ስለ አንድ ሥራ አይደለም።

እምነትና ሂፕሆፕን ያገናኙ ሙስሊሞች እኔ እስከማውቀው በሁለት በር ነው የገቡት። አንደኛው የኔቲቭ ዲን በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የተመሠረተ፣ የሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ቡድን ነው። ራፕ ያደርጋሉ፣ ግን በድምፅና በከበሮ ነው። የሚጠራቸው የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ነው፤ ለጉባኤው፣ ለሠርጉ፣ ለእርዳታ ማሰባሰቢያው። ሁለተኛው በር የአሜሪካዊው ራፐር የያሲን ቤይ ነው፣ ያኔ ሞስ ዴፍ ይባል የነበረው። እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው አልበም በቢስሚላህ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ብሩክሊን ያወራል፣ ስለ ውሃ ያወራል፣ ጥቁር ሆኖ ስለመኖር ያወራል። የፊተኞቹ እምነታቸውን በራፕ ያቀርባሉ። እሱ ራፐር ነው፣ ሙስሊም የሆነ ራፐር።

ሁለቱም ያስኬዳል። የሚከፍልህ ሰው ግን ይለያያል፣ የምትሠራበት ወርም ይለያያል። በመጀመሪያው በር ከገባህ ስልክህ የሚጮኸው ለረመዳን፣ ለመውሊድና ለኒካህ ነው። በሁለተኛው ከገባህ ክለብ አለ፣ ኮንሰርት አለ፣ ከመድረኩ ጀርባ የቢራ ባነር ሊኖር ይችላል። ስቱዲዮው ያሰበልህ ሁለተኛውን ነው። ደብዳቤህ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው።

እኔን ከጠየቅከኝ መጀመሪያውን አስቀድም። ምክንያቴ ቪዲዮህ ነው። 40ኛው ሰከንድ አካባቢ ቢቱ፣ ማጀቢያው ማለቴ ነው፣ ይቆማል። ጓደኞችህ ድቤ እየመቱ አዝማቹን ይቀበሉሃል፣ አንተ ትንፋሽ ሳትወስድ ግጥሙን ታወርደዋለህ። እዚያ ጋ ስልኬን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። ከዚያ በፊት ያለው ቢት ከኢንተርኔት የወረደ ነው፤ ስንቱ ልጅ እንደሚራፕበት አላህ ይወቅ። (በነገራችን ላይ “ነጻ ቢት” የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ነጻ የሚሆነው ገንዘብ እስካልሠራህበት ድረስ ነው። ከስሩ የተጻፈውን አንብብ።) አውራጅና ተቀባይ ያለው፣ በድቤ የሚሄድ የአማርኛ ራፕ ግን ከብዙ ሰው አልሰማሁም። ደግሞ ባዕድ ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመንዙማ ገጣሚዎቹ እነ ሸኽ ጦልሐ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም እየጻፉ ለሕዝቡ በግጥም ያስተምሩ ነበር። በግጥም መስበክን ሂፕሆፕ ከተወለደበት ከኒውዮርክ አልተበደርከውም።

ሐላልና ሐራሙን እኔን አትጠይቀኝ። በሙዚቃ መሣሪያ ጉዳይ ዑለማዎቹ ራሳቸው ይለያያሉ፣ ኡስታዝህ ጋ ቁጭ በል። የምለምንህ ሳትፈርም በፊት እንድትቀመጥ ነው። ያኔ የተባልከው ነገር ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሆኖ ይገባል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አንቀጽ 4 ስቱዲዮው ሥራዎቹን “በማንኛውም መልኩ” እንዲጠቀምና ለሌላ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። ይቺ “በማንኛውም መልኩ” የምትል ነገር ሆዷ ሰፊ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ እንዲሁ ያለ ውል ይዞ መጣ። ዕድል ነው፣ ፈርም ያልኩት እኔ ነኝ። ነቢዩን ያወደሰበት ሥራው የጭፈራ ቤት ማስታወቂያ ማጀቢያ ሆኖ ታክሲ ውስጥ ሰማው። ምን ይበል? ፊርማው የራሱ ነው። እስከ ዛሬ ሲደውልልኝ ስልኩን ለማንሳት ይከብደኛል።

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ግጥምህ ጽፈህ ወይም ቀድተህ ካስቀመጥከው ጊዜ ጀምሮ ያንተ ነው። ዕድሜህን ሙሉ፣ ከሞትክም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። መብቱን ለሌላ ለማስተላለፍ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ሰውዬው ፊርማህን የፈለገው። እና አንተም ጽሑፍ ይዘህ ሂድ። በ8 ፋንታ 2 ሥራ፣ በ5 ዓመት ፋንታ 1 ዓመት በል። ባለቤትነቱ ካንተ ጋ ሆኖ እሱ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ይኑረው። ለመጠጥ፣ ለሲጋራና ለቤቲንግ ማስታወቂያ እንደማይውል በግልጽ ይጻፍ። ክሊፑ ሳይለቀቅ አንተ አይተህ ትፍቀድ። እያንዳንዱ ሥራ በድምፅና በድቤ ብቻ የተሠራ ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው፤ ረመዳን ላይ የሚሠራልህ እሱ ነው። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር የማን እንደሆነና ማን ስንት በመቶ እንደሚወስድም አስፍሩ። ድቤ የመቱትን ጓደኞችህን እንዳትረሳ።

5 ዓመት ለምን በዛብኝ መሰለህ? ካት ስቲቨንስ ይባል የነበረው እንግሊዛዊ ድምፃዊ ዩሱፍ ኢስላም እ.ኤ.አ. በ1977 ሰለመ፣ ብዙም ሳይቆይ ሙዚቃውን ተወ። ጊታር ይዞ ወደ ፖፕ የተመለሰው በ2006 ነው። ሰው ሐሳቡን ይቀይራል። አንተም በ24 ዓመትህ ወደ አንዱ ወገን ልትጠነክር ትችላለህ፣ ውሉ ግን አብሮህ አይቀየርም።

የአያትህን የመንዙማ ካሴት ቆርጬ ሥራዬ ውስጥ ላስገባው ላልከው፦ ግጥሙ የቆየ ሊሆን ይችላል፣ ቅጂው ግን ባለቤት አለው። ያዜመው ሰው ወይም ያሳተመው ቤት ካለ አስፈቅድ። ካላገኘሃቸው አዝማቹን ራስህ እንደ አዲስ አስቀዳው። አያትህ በሕይወት ካሉ በእሳቸው ድምፅ ይሁን።

ገንዘቡ ላይ ብዙ አልቆይም። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ተከታይና በዓመት 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል፣ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭር ቪዲዮ) እይታ። የሙዚቃ ማድመጫው ስፖቲፋይ ላይ አንድ ሥራ በ12 ወር 1,000 ጊዜ ካልተደመጠ ምንም አያስገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የሚያበላህ መድረክ ነው፤ እሱም ወቅት አለው። ከኔቲቭ ዲን አንዱ ጆሽዋ ሰላም፣ ከዚያ ሁሉ መድረክ በኋላ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የሙስሊም ተማሪዎች መንፈሳዊ አማካሪ ሆኖ ተቀጥሯል። አካውንቲንጉ ያንተ የደረቅ ወራት እንጀራ ነው። ደግሞ የራሱን የገቢ ክፍፍል ማንበብ የሚችል ድምፃዊ ስንት አለ?

የእናትህ ነገር ቀረ። የተናገሩትን ጽፈህልኛል። ቪዲዮውን አይተውታል ግን አላልክም። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ስልኩን ስጣቸው። ከ40ኛው ሰከንድ ጀምርላቸው።