አውቶቡሱ የማን ነው? ስለ ተማሪዎች ጉዞ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት ነን። 92 የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከ10 መምህራንና ወላጆች ጋር ለአንድ ቀን ወደ ሜልካ ቁንጡሬ የቅድመ ታሪክ ቦታና ወደ ጢያ ትክል ድንጋዮች ልንልክ አስበን ከሦስት አስጎብኚ ድርጅቶች ፕሮፎርማ ሰብስበናል። አንደኛው ከሌሎቹ በሲሶ ይረክሳል። ርዕሰ መምህሩ ርካሹን እንያዝ ይላሉ፤ እኛ ግን ልባችን አላረፈም። በምን እናመዛዝን?

መልስ፦ የሚጎበኙትን ቦታዎች ዝርዝር ለጊዜው ተዉት፤ ሦስቱም የሚጽፉት ያንኑ ነው። የመጓጓዣውን መስመር አንብቡ። «ዘመናዊና ምቹ ተሽከርካሪ» ብቻ የሚል ከሆነ ምንም አልተጻፈም ማለት ነው። የመኪናው ዓይነት፣ ብዛቱ፣ የወንበሩ ቁጥርና ታርጋው ይጻፍላችሁ።

ርካሹ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከወንበር ላይ ነው። ድርጅቱ 4 ኮስተር አቅርቦ ይሆናል እንበል። ኮስተር 29 ሰው ይይዛል ሲባል መተላለፊያው ላይ የሚዘረጉት ተጣጣፊ ወንበሮችም ተቆጥረው ነው። እነሱ በአብዛኛው ቀበቶ የላቸውም፤ ሲዘረጉ ደግሞ መውጫውን ይዘጋሉ። ልጅ ሲያስመልሰው እንኳ ወደ በሩ ለመድረስ አራት ሰው መነሳት አለበት፤ ጭስ ወይም እሳት ቢነሳ ምን እንደሚሆን አስቡት። እነሱን ትታችሁ ቁጠሩ። አቀማመጡ ከመኪና መኪና ቢለያይም በአንዱ 23 ሰው ብንል አራቱ 92 ይይዛሉ፤ ለተማሪዎቹ ልክ ነው፣ ለ10ሩ አዋቂዎች ግን ቦታ የለም። ለ102 ሰው አምስት ኮስተር ወይም ሁለት ትልልቅ አውቶቡስ ያስፈልጋል። ሦስቱንም ድርጅቶች በዚህ ስሌት እንደገና ዋጋ አስገቧቸው፤ የሲሶው ልዩነት አብዛኛው እዚያው ሊቀልጥ ይችላል።

ቀጥሎ አውቶቡሱ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ አስጎብኚዎች የራሳቸው አውቶቡስ የላቸውም፤ ከባለንብረት ይከራያሉ። ይህ ነውር የለውም። ችግሩ አስጎብኚው ለደላላ፣ ደላላው ለሌላ ደላላ ሲያቀብለውና በጉዞው ዋዜማ ማታ ማን እንደሚመጣ ማንም ሳያውቅ ሲቀር ነው። ስለዚህ ቢያንስ ከሳምንት በፊት የሊብሬውን ኮፒ፣ መኪናው የድርጅቱ ካልሆነ የኪራይ ውሉን፣ የዓመቱን ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ማስረጃ፣ እንዲሁም የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ኮፒ አስቀርቡ። መንጃ ፈቃዱ የሕዝብ ማመላለሻ ምድብ መሆኑንና ለዚያ ወንበር ብዛት እንደሚፈቅድ አረጋግጡ። «መኪናው ገና አልተመደበም» የሚል መልስ ከሳምንት በላይ ሲቀረው ያስኬዳል፤ ከዚያ ወዲህ ግን አያስኬድም።

የድርጅቱ የራሱ ወረቀት ቀላል ነው። ንግድ ፈቃዱ ላይ የሥራ መስኩ አስጎብኚነት መሆኑን እዩ፤ የቱሪዝም የብቃት ማረጋገጫም ይኑረው። ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። በጥር የአምናውን ፈቃድ ብቻ የሚያሳያችሁ ድርጅት አላሳደሰም ማለት ነው። የንግድ ሚኒስቴር የኦንላይን አገልግሎት ላይ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ማየት ስለሚቻል በኮፒ ብቻ አትመኑ።

አሁን ከወረቀቱ ወደ መኪናው። ከኮሚቴው ሁለት ሰው ጉዞው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀር መኪናው የሚያድርበት ድረስ ይሂድ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጎማው ጎን ላይ DOT (ዲ.ኦ.ቲ.) የሚሉ ፊደላት አሉ፤ ከነሱ ተከትሎ የሚመጣው ጽሑፍ በአራት አሃዝ ያልቃል። 2319 ካለ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አንዳንዱ ጎማ ላይ አሃዙ የታተመው በውስጠኛው ጎን ብቻ ስለሆነ በርከክ ማለት ይጠይቃል። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ በደንብ ይመርመር፤ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ወይም አሥር ዓመት የሞላው ከሆነ ጥርሱ ቢኖርም አትቀበሉት። በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ከነሱ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። የፊት ጎማዎች ላይ ገጹ እንደገና የተለበጠ ጎማ አትፍቀዱ። የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪው ከእጅ ስለሚወጣ ነው። ከዚያ የአደጋ ጊዜ በሩን በራሳችሁ እጅ ክፈቱት። ዝጎ ወይም ወንበር ተገትሮበት የማይከፈት ይገጥማል፤ «ይሠራል» የሚለው የረዳቱ ቃል አይበቃም። ተጠባባቂ ጎማ፣ ክሪክ፣ ጊዜው ያላለፈ እሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን መኖራቸውንም እዩ።

በመጨረሻ የቀኑ ፕሮግራም። እዚህ ላይ ልምድ ያለው ድርጅት ከሌለው ይለያል። ሜልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጢያ በዚያው በቡታጅራ መንገድ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሁለቱም በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ሜልካ ቁንጡሬ በ2024። ድርጅቱ ከሁለቱ ጋር ከአለት የተፈለፈለችውን የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም የመዝናኛ ቦታ ምሳ ጨምሮ ካቀረበ ቀኑ አይበቃውም። አዳዲ ማርያም ከዋናው መንገድ ገባ ይላል፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የሜልካ ቁንጡሬ ሙዚየም ትናንሽ የጎጆ ቤቶች ናቸው። 92 ልጅ አንድ ላይ ቢገባ የፊተኛው ሃያው ያያል፣ የኋለኛው ይገፋፋል። ስለዚህ ግማሹ መኪና መጀመሪያ ጢያ፣ ግማሹ ሜልካ ቁንጡሬ ሄዶ ቦታ መለዋወጥ አለበት፤ እያንዳንዱ ቡድን ደግሞ እስከ 25 ልጅ ሆኖ በተራ ይገባል። ይህን ሳትጠይቁት ራሱ ያቀረበ ድርጅት ተማሪ ወስዶ ያውቃል።

መጸዳጃም ይሰላል። 46 ሴት ልጆች በአንድ መጸዳጃ፣ ለእያንዳንዷ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ አንድ ሰዓት ተኩል ነው! የት የት እንደምትቆሙ፣ እዚያ ስንት መጸዳጃ እንዳለና ውኃ መኖሩን ድርጅቱ አስቀድሞ ሄዶ አይቶ ይንገራችሁ። መነሻችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ትምህርት ቤት መመለሻችሁ ከ11 ሰዓት ያላለፈ ይሁን። ሳይመሽ መግባቱ ከየትኛውም ተጨማሪ ቦታ ይበልጣል።

ጢያ ላይ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ሰይፉንና ሌላውን ምልክት ልጆቹ ፈልገው በደብተራቸው እንዲስሉ አድርጉ። ሥራ የሌለው ልጅ ድንጋዩ ላይ መውጣት ያምረዋል።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመረጥነው ድርጅት ሙሉውን ክፍያ ከሁለት ሳምንት በፊት ይፈልጋል፤ አለበለዚያ መኪና አላስይዝም ይላል። ልክ ነው? በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ምክንያት ሒሳብ ልጨምር እችላለሁ የሚልም አለበት።

መልስ፦ ሙሉውን አይክፈሉ። መኪና ለማስያዝ ገንዘብ መፈለጉ እውነት ነው፤ በተለይ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ስለሚበዛ ቅዳሜና እሑድ ኮስተርና አውቶቡስ ይጠፋል። በነዚህ ወራት ጉዞውን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ቢያደርጉት መኪናውም ዋጋውም ይሻላል። አከፋፈሉ ግን ለምሳሌ 30 በመቶ ውል ሲፈረም፣ 50 በመቶ በጉዞው ጠዋት ውሉ ላይ ታርጋቸው የተጻፈው መኪናዎች ግቢ ሲደርሱ፣ 20 በመቶ ልጆቹ ሲመለሱ ሊሆን ይችላል። የመሐሉ ክፍያ ነው ጉልበት የሚሰጣችሁ። ሌላ መኪና ቢመጣ የምትከራከሩት ገንዘቡ ገና እጃችሁ ላይ እያለ ነው።

ውሉ ላይ የምትጠቀሙበትን ቃል ተጠንቀቁ። «ቀብድ» ተብሎ ከተጻፈ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ይመጣል፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ሲተው እጥፉን ይመልሳል። ይህ ለትምህርት ቤቱ ጥሩም መጥፎም ነው። ድርጅቱ በመጨረሻ ሰዓት ቢከዳችሁ ይጠቅማል፤ እናንተ ብትሰርዙ ግን ገንዘቡ ይቀራል። «ቅድመ ክፍያ» ካላችሁት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ፣ የጸጥታ ችግር ሲፈጠር ወይም ወረርሽኝ ሲነሳ ስንት በመቶ በስንት ቀን እንደሚመለስ በግልጽ ጻፉ። ገንዘቡ በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ፤ በባለቤቱ የግል ሒሳብ ወይም በግል ቴሌብር ቁጥሩ ላክ ከተባሉ እዚያው ያቁሙ። ዋጋው ቫትን መጨመሩንም በጽሑፍ ያስቀምጡ።

የነዳጅ ጭማሪን በተመለከተ፣ ከውሉ ቀን በኋላ መንግሥት ዋጋ ቢያስተካክል ልዩነቱ በሊትር ተሰልቶ ብቻ እንዲታሰብ ተስማሙ። ስንት ሊትር እንደሚበላም አስቀድሞ ይጻፍ። ከዋጋው የሚብሰው ወረፋው ነው። «ታንከሩ በዋዜማው ሞልቶ ያድራል» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ ብታስገቡ ጠዋት ልጆች ጭኖ ናፍጣ ፍለጋ የሚዞር መኪና አይገጥማችሁም።

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ቢሾፍቱ ስንሄድ አስጎብኚው ጀልባና ዋና በፕሮግራሙ አካትቷል። ልፍቀድ?

መልስ፦ ዋናውን ይሰርዙት። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ ዳሩ እንደ ላንጋኖ እየተንጠፈጠፈ አይሄድም፣ ጥቂት እርምጃ እንደገቡ ድንገት ገደል ይሆናል። ባቦጋያ ከ60 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ዋና የሚችል ልጅም ቢሆን እግሩ መሬት ሲያጣ ይደነግጣል።

ጀልባው የሚፈቀደው የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ የልጅ ልክ ሲሆን ነው። ጃኬቱ ውስጥ የሚሸከመው ኪሎ ተጽፎ ይገኛል፤ አንብቡት። ለልጁ ካሰራችሁለት በኋላ የጃኬቱን ትከሻ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጃኬቱ ከአገጩ አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ ውኃ ውስጥም ሾልኮ ይወጣል። በአንድ ጀልባ አንድ መምህር፤ ሌሎቹ ልጆች ዳር ቆመው ሳይሆን ከውኃው ራቅ ብለው ተቀምጠው ይጠብቁ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጀልባው በጠዋቱ ይቅደም። ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ከታሰበ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፦ ቢልሃርዚያ፣ ከውኃው በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ። እግር መንከርም አይፈቀድ።

ጥያቄ፦ ልጄ አስም አለባት፣ መኪናም ያማታል። ፈቃዱን ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ መድኃኒቷን ማን እንደሚይዝ ይጠይቁ። የሚነፋው መድኃኒት ሻንጣ ክፍል ሳይሆን በራሷ ኪስ፣ ተጨማሪው በመምህሯ ቦርሳ ይሁን። ወንበሯ ከፊት፣ ከመስኮት አጠገብ፤ ቁርሷ ቀለል ያለ፣ ከመነሳት አንድ ሰዓት አስቀድሞ። የመኪና መድኃኒት ከሰጧት ስሙንና ሰዓቱን ጽፈው ለመምህሯ ይስጡ። ትምህርት ቤቱ ለጉዞው ቀን የቡድን የአደጋ መድን ገዝቶ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ከመኪናው ሦስተኛ ወገን መድን የተለየ ነው። ፈቃዱ ላይ የሁለት ሰው ስልክ ይሙሉ፤ አንዱ ቢዘጋስ።

ጥያቄ፦ ምሳ በድርጅቱ ይሁን ወይስ ልጆቹ ይዘው ይምጡ?

መልስ፦ ለአንድ ቀን ጉዞ ይዘው ይምጡ። ድርጅቱ ያቅርብ ካላችሁ ለሁሉም የጾም ምግብ እዘዙ። ረቡዕ ይሁን ዓርብ፣ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ ሥጋው የማን ነው የሚል ጥያቄ አይነሳም። ሽሮና ምስር ከነእንጀራው በሙቀት ብዙ ሰዓት ከቆየ ግን ይበላሻል፤ ጠዋት 11 ሰዓት ተበስሎ 7 ሰዓት የሚበላ ምግብ አትቀበሉ። ዳቦ፣ ድንች፣ ሙዝ ይሻላል። ውኃ ለአንድ ልጅ አንድ ሊትር ተኩል።

ጥያቄ፦ ብሔራዊ ሙዚየም ለመሄድም አስጎብኚ ያስፈልገናል?

መልስ፦ አያስፈልግም። የከተማው ውስጥ ሙዚየሞች በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ይዛችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተማሪውን ቁጥር ካስመዘገባችሁ በራሳችሁ ትሄዳላችሁ። የተማሪ ዋጋ ካለም የሚሠራው በደብዳቤው ነው። ገንዘቡን ለመኪናው አውሉት። በዋዜማው የልጆቹን ዝርዝር ከወላጅ ስልክ ጋር ሦስት ኮፒ አድርጉ፦ አንዱ መኪናው ውስጥ፣ አንዱ በአስተባባሪው እጅ፣ አንዱ ትምህርት ቤት ይቀመጥ። ከጀርባው የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የፖሊስ 991 ይጻፍበት።