አሞራው ጥቁር ሆኖ እየወጣብኝ ተቸገርኩ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ሠርግና ምርቃት እያነሳሁ ነው የምኖረው፣ ካሜራዬ ካነን ነው ሌንሱ 55-250። ባለፈው ጣርማ በር ሄጄ አሞራና ንስር ሲበር ሳነሳ ዋልኩ፣ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ግማሹ ጥቁር ነገር ግማሹ ፍዝዝ ያለ ነው፣ ክንፉ ከአንገቱ አይለይም። ጓደኞቼ በጣም ሩቁን የሚያቀርብ 600 ሌንስ ካልገዛህ አትልፋ አሉኝ፣ ዋጋውን ሳይ ደነገጥኩ። ልግዛ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ አትግዛ፣ ቢያንስ አሁን አትግዛ። ያንተ ካሜራ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትንሹ ዓይነት ከሆነ 250ው እንደ 400 ነው የሚያይልህ፣ ለጣርማ በር ይበቃል። እዛ እኮ ሌላ ቦታ የሌለ ዕድል አለ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመህ አሞራው ከእግርህ በታች ነው የሚያልፈው፣ ጀርባውን ከላይ ታነሳዋለህ። የመኪናው መንገድ የሚያልፍበት ዋሻ አጠገብ መኪና ስለሚበዛ ራቅ ብለህ ቁም፣ ወደ ገደሉ ጫፍ ግን በጣም አትጠጋ።

የጠቆረብህ ሰማዩ ስላታለለው ነው። ካሜራው ነጩን ሰማይ አይቶ ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፣ ወፉ ይጨልማል። ሰማይ ከኋላው ካለ አንድ ወይ አንድ ተኩል ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው) ጨምርለት፣ ገደሉ ከኋላው ሲሆን ደግሞ መልሰው። ይሄ መቀያየር ካሰለቸህ (እኔን ያሰለቸኛል) ማኑዋል አርገው (ብርሃኑን ራስህ ወስን)፣ ፀሐይ ካለ ሸተር ስፒዱን (ሸተሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) 1/2000 ሰከንድ፣ የሌንሱን ቀዳዳ 5.6፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 400 ብለህ ጀምርና አንድ ሁለት አንስተህ አስተካክል፣ ከዛ ከኋላው ሰማይም ይምጣ ገደል አትንካው።

ፍዝዙ ደግሞ የሸተር ስፒድ ነገር ይመስለኛል። እኔ ራሴ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ማታ ሠርግ ያነሳሁበትን 1/125 ሳልቀይር ሙሉ ጠዋት ተኩሼ ገባሁ፣ አንድም የረባ የለም። ክንፉን ዘርግቶ ዝም ብሎ ለሚንሳፈፍ ትልቅ አሞራ 1/1000ም ይበቃል፣ ለፈጣኑ ግን ከ1/2000 አትውረድ። ፎከሱን ኤአይ ሰርቮ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚያጠራው) ላይ አርገው፣ ወፉ ሳይመጣ በፊት በግምት እሱ የሚያልፍበት ርቀት ላይ ያለ ድንጋይ ፎከስ አርገህ ጠብቀው፣ አለበለዚያ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ሲል ወፉ ሄዷል። ከሩቅ ጀምረህ ከወገብህ እየዞርክ አስከትለው።

በማለዳ አትሂድ። ገደሉ በፀሐይ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መውጣት ሳይጀምር እነሱም አይነሱም፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ነው ጨዋታው። እስከዛ ቁርስህን ብላ። ልምምዱን ደግሞ እዛው ከተማ ጀምር፣ ልኳንዳ ቤት አካባቢ ጭልፊት ሞልቷል፣ ጭልፊት ከያዝክ ንስር ቀላል ነው።

አንድ ነገር፣ ይብረርልን ብለው እረኛ ልጆችን ድንጋይ የሚያስወረውሩ አይቻለሁ። ጎጆው ውስጥ ጫጩት ይኖራል፣ ነውር ነው።

ጥያቄ፦ መንዝ ጓሳ ልሄድ ነው፣ መቼ ልሂድ? ምንስ አገኛለሁ?

መልስ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ሂድ፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ ሜዳ የሚመጡት ንስሮችም በዚያ ወቅት ደጋችን ላይ ናቸው። ጓሳው ውስጥ አይጥ ስለሚበዛ ነው ቀይ ቀበሮውም ንስሩም እዛ የሚሰነብተው። ስለዚህ እየተሯሯጥክ አታባር፣ አይጥ ያለበትን ሜዳ ፈልገህ ጀርባህን ለፀሐይ ሰጥተህ ቁጭ በል። ጅብራ (ረጅሙ የደጋ ተክል) ላይ ያረፈ ንስር ካየህ ቶሎ አትጠጋ፣ ሊነሳ ሲል ጎንበስ ይላል፣ ያኔ ጣትህ ቁልፉ ላይ ይሁን። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል፣ ትርፉን ብብትህ ሥር ያዘው።