ዋሽንግተን በበጀት ሲጣላ የወታደር አካዳሚ ጨዋታ ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

የአሜሪካ ጦር አካዳሚዎችን፣ ማለትም ዕጩ መኮንኖች የሚማሩባቸውን ተቋማት፣ ስፖርት ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ። የጠየቃችሁኝን የምችለውን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ በጀትና ኳስ ምን አገናኛቸው?

የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ደግሞ ኦክቶበር 1። እስከዚያ ኮንግረስ በጀት ካላጸደቀ መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ እንዳያወጡ ሕግ ይይዛቸዋል፤ «መንግሥት ተዘጋ» የሚባለው ይኼ ነው። ኦክቶበር ደግሞ የአሜሪካን ፉትቦል የሚደራበት ወር ነው።

ጥያቄ፦ ጨዋታ ተሰርዞ ያውቃል?

እ.ኤ.አ. በ2013 ትልቁ ጨዋታ ለጥቂት ነው የተረፈው። ማክሰኞ ኦክቶበር 1 መንግሥት ተዘጋ። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ በዚያው ቀን የአካዳሚዎቹን ውድድር አገደ። ቅዳሜ ደግሞ የአየር ኃይል ቡድን ከኮሎራዶ መጥቶ የባሕር ኃይል አካዳሚ ባለበት በሜሪላንዷ አናፖሊስ ከተማ ከባሕር ኃይል ጋር ሊጫወት ቀጠሮ ነበረው። ትኬቱ ተሽጧል፣ ዕጩ መኮንኖቹ ልምምድ ላይ ናቸው፤ መጫወት አለመጫወታቸውን ግን አያውቁም። ረቡዕ ተፈቀደላቸው። ባሕር ኃይል 28 ለ 10 አሸነፈ።

ጥያቄ፦ ረቡዕ ምን ተለወጠ?

የጨዋታው ወጪ ኮንግረስ ከሚመድበው ገንዘብ እንዳልሆነ ተረጋገጠ። የባሕር ኃይል አካዳሚን ስፖርት የሚያስተዳድረው በ1891 የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። ስታዲየሙም የማኅበሩ ነው። ከትኬት፣ ከቴሌቪዥንና ከለጋሾች ገቢ ያገኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ታገደ?

ሰው ምን ይላል ተብሎ ነው። በመላ አገሪቱ 800 ሺህ ገደማ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ ደመወዝ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን ባላጠፉት ጥፋት ልጆቹን መቅጣት ለእኔ ልክ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ሌሎቹ ስፖርቶችስ?

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ፉትቦል ገንዘብ ስለሚያመጣ ጠበቃ አያጣም። ትኬት የማይሸጥለት ሯጭ ወይም ዋናተኛ ግን አውሮፕላኑም ሆቴሉም ከመንግሥት ኪስ ከሆነ ቦርሳውን እንደያዘ ይቀራል። በጃንዋሪ 2018 መንግሥት ለሦስት ቀን ሲዘጋ፣ የአየር ኃይል አካዳሚ በሜዳውም ከሜዳው ውጭም ያሉትን ውድድሮች በሙሉ አቆመ። ባሕር ኃይል ቀጠለ። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚመጣበት ቋት ነው። አንድ ዓይነት መሐላ የፈጸሙ ልጆች በዚህ ምክንያት መለያየታቸው ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ልጄ አካዳሚ ገብቷል። አበሉ ይቆምበት ይሆን?

እንኳን ደስ አለዎት። መልሱ እንደ አካዳሚውና እንደ ኮንግረስ ውሳኔ ይለያያል። በ2013 የወታደሩን ክፍያ የሚያስቀጥል ሕግ መዘጋቱ ከመድረሱ በፊት ጸድቆ ነበር። ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ ለ35 ቀናት ሲዘጋ ግን የመከላከያ በጀት አስቀድሞ ጸድቋል፤ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ኃይል ደግሞ በአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር ስለሆነ ቀረበት። የጃንዋሪ 15 ደመወዙን አላገኘም። ስለዚህ ልጅዎ የገባው ኒው ለንደን ካለው የዚህ ኃይል አካዳሚ ከሆነ ለክፉ ቀን ትንሽ ያስቀምጡለት።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ደግሞ ቢዘጋስ፣ ትኬት ልግዛ?

ለአናፖሊስ ፉትቦል ከሆነ ግዛ፣ ወንድሜ። በ2025 መንግሥት ለ43 ቀናት ተዘግቶ ነበር። በአራተኛው ቀን እነዚያው የአየር ኃይልና የባሕር ኃይል ቡድኖች እዚያው ተጫውተው ባሕር ኃይል 34 ለ 31 አሸንፏል።