የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጎልፍ ትምህርት በደብረ ብርሃን

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሚገኘው ክበባችን ለጀማሪዎች የጎልፍ ትምህርት ሊከፍት አስቧል፤ መርሐ ግብሩን ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ጀማሪ ሁሉ ኳሷን አርቆ መምታት ቢያምረውም፣ ትምህርቱን ከጉድጓዱ አጠገብ፣ ኳሷን በሣሩ ላይ አንከባልሎ ከማስገባት አስጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እንዲርቅ ብታደርጉት ይሻላል፤ የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ብዙ ምት የሚባክነው እዚያው ነውና። ደንቡ እስከ 14 ዱላ ቢፈቅድም፣ ለጊዜው ሁለት ሦስቱን በጋራ መጠቀም ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ሙሉውን መግዛት የክበቡን ካዝና ማራቆት ብቻ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ አትጀምሩ፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው መቼ ያራምዳል! በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ውርጭ ያረፈበት ሣር ሲረገጥ ስለሚጎዳ፣ የማለዳውን ክፍለ ጊዜ ፀሐይ ውርጩን እስክታቀልጠው አዘግዩት።