የመጨረሻው የኦክስፎርድ ኧርል ልጅ እያለችው ማዕረጉ ለምን ጠፋ?

ጥያቄህ፦ ሃያኛው የኦክስፎርድ ኧርል (ኧርል ከፍ ያለ የእንግሊዝ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ኦብሪ ዴ ቪር በ1703 ሲሞት ልጁ ዳያና በሕይወት ነበረች፣ ወንዶች ልጆችም ነበሯት፤ ታዲያ ማዕረጉ እንዴት ይጠፋል? ዛሬስ ከዘሯ የሆነ ሰው ሊጠይቀው ይችላል? የሚል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በእሷ በኩል የመጣ ሰው ሊጠይቀው አይችልም። የእንግሊዝ ማዕረግ የሚወርደው በተሰጠበት ሰነድ ላይ በሰፈረው ቃል ልክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ሰነዱ ነው፤ የዘር ሐረጉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ዴ ቪሮች ኧርልነቱን ያገኙት በ1141 የእንግሊዝን ዙፋን ትጠይቅ ከነበረችው ከእቴጌ ማቲልዳ ነው። ወሳኙ ሰነድ ግን የ1393ቱ ነው። የንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ባለሟል የነበረው ዘጠነኛው ኧርል ሮበርት በ1387 ራድኮት ብሪጅ በተባለ ቦታ በጦርነት ተሸንፎ ሸሸ፤ በ1388 ፓርላማው ማዕረጉንና ርስቱን ገፈፈው፤ በ1392 በስደት ሳለ ሉቫን ውስጥ ልጅ ሳይተካ ሞተ። በማግስቱ ዓመት ኧርልነቱ ለአጎቱ ለኦብሪ ሲመለስ «ለእሱና ለወንድ ወራሾቹ» ተብሎ ተጻፈ። ሴቶቹን ከውርሱ ያስወጣቸው ይህ ቃል ነው።

ውጤቱ በ1526 ታየ። አሥራ አራተኛው ኧርል ልጅ ሳይወልድ ሲሞት እህቶች ነበሩት፤ ኧርልነቱ ግን እነሱን አልፎ ከአንድ ቅድመ አያት ለሚወለደው ለጆን ሄደ። ከዚያ የባሰው ክርክር የመጣው አሥራ ስምንተኛው ኧርል ሄንሪ በ1625 ያለ ልጅ ሲሞት ነው። በአንድ ወገን የወንድ ዘሩ ሮበርት ዴ ቪር፣ በሌላ ወገን የአሥራ ሰባተኛው ኧርል እህት የሜሪ ልጅ ሮበርት በርቲ ቆሙ። ዳኛው ራንዶልፍ ክሩ «ቦሀን የት አለ? ሞብሬይ የት አለ? ሞርቲመር የት አለ?» እያለ የጠፉትን ታላላቅ ቤቶች አንድ በአንድ ያነሣው በዚህ ችሎት ላይ ነው። ውርሱን ሦስት ቦታ ከፍለው ካላዩት ውሳኔው አይገባም። ኧርልነቱ ለወንዱ ዘር ተሰጠ። የታላቅ ቻምበርሌንነት ሹመት (በዘር የሚወርድ የቤተ መንግሥት ሹመት) ግን ከሄንሪ 1ኛ በ1133 የተገኘ ስለሆነና የ1393ቱ ገደብ ስላልነካው በሴት በኩል ለበርቲ ሄደ። የቤተሰቡ ጥንታዊ ባሮንነቶች (ከኧርል ዝቅ ያሉ ማዕረጎች) ደግሞ በአሥራ አራተኛው ኧርል እህቶች መካከል እንደተከፈሉ ተቆጠረ። ቻምበርሌንነቱ ዛሬም ከሜሪ በወረዱ ቤተሰቦች መካከል እየተፈራረቀ ይኖራል፤ በቻርልስ 3ኛ ዘመን ሎርድ ካሪንግተን ይዞታል። ለጥያቄህ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፦ ያው አንድ ቤተሰብ፣ ያው ደም፣ ሦስት የተለያየ አወራረድ።

መዝገብ ስታገላብጥ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ሃያኛው ኧርል የሞተው በማርች 12 ነው፤ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ዓመት የሚጀምረው በማርች 25 ስለነበር (እስከ 1752) አሮጌ መዝገቦች 1702 ይላሉ። ሁለት ሰዎች አይደሉም። ደግሞም ፖለቲከኛው ሮበርት ሃርሊ በ1711 «የኦክስፎርድና የሞርቲመር ኧርል»፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አስኩዊዝ በ1925 «የኦክስፎርድና የአስኩዊዝ ኧርል» ተብለው ተሾመዋል። እነዚህ አዲስ ማዕረጎች ናቸው፤ የሃርሊው በ1853 ጠፍቷል፣ የአስኩዊዝ አሁንም አለ። ብዙ ሰው ከዴ ቪሮች ቁጥር ጋር አቀጣጥሎ ይጽፋቸዋልና ተጠንቀቅ።

አንዳንዶች ማዕረጉን «ባለመብቱ ያልታወቀ» እንጂ «የጠፋ» አይሉትም፤ ይህም መሠረት አለው። የ1393ቱ ቃል «ከአብራኩ የወጡ» አይልም። በ1831 የዴቨን ኧርልነት እንዲህ ያለ ቃል ስለነበረው ለሩቅ የወንድ ዘመድ ተፈቅዷል። በእኔ ግምት ግን በተግባር የጠፋ ነው፤ ከ1703 ወዲህ መብቱን አስረግጦ የወሰደ የለም።

ልሞክር የሚል ሰው አቤቱታውን ለንጉሡ ያቀርባል። ለእያንዳንዱ ትውልድ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ሐረጉ ሁሉ በወንድና በሕጋዊ ጋብቻ መሆን አለበት፣ የጉዲፈቻ ልጅ አይቆጠርም። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ከእሱ የሚቀድሙ ቅርንጫፎች ሁሉ ወንድ ሳይተኩ ማለቃቸውንም ማስረዳት አለበት። ዲኤንኤ በ2016 በአንድ የባሮኔትነት (ከባሮን ዝቅ ያለ፣ በዘር የሚወርድ ማዕረግ) ክርክር ተቀባይነት አግኝቷል፤ የጎደለን ሰነድ ሁሉ ግን አይተካም።

ዳያና በ1694 የቻርልስ 2ኛን ልጅ የመጀመሪያውን የሴንት ኦልባንስ ዱክ አግብታለች። ከእሷ የተወለደ ሰው የሚፈልገው መዝገብ የዚያ ቤት ነው፤ ልጇ ቪር ቦክለርክም በ1750 «የሃንወርዝ ባሮን ቪር» ተብሎ ተሹሟል።