«ጥፍር ሥራ እየተማርኩ ሞራሌ ወደቀ፣ ላቋርጥ ወይ?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ልመልስልሽ ስል እንቅልፍ ጣለኝ። አሁን ደንበኛ ቀጥራኝ ስለዘገየች ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው። ይረዝማል፣ ቻይኝ።

ላላነበባችሁት፣ እህታችን ጥፍር ሥራ መማር ከጀመረች 2 ወር ሆኗታል። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት። አብረዋት የጀመሩት ልጆች ሥራቸውን ቲክቶክ ላይ እየለጠፉ ነው፣ የሷ ጄል (በላምፕ ብርሃን የሚደርቀው የጥፍር ቀለም) ግን በ4 ቀኑ ከጥፍሩ ይነሳል። ቤት ደግሞ «ጥፍር መቀባትም ሙያ ሆነ?» ይሏታል። ጠዋት ስትነሳ መሄዱ ራሱ እያስጠላት ነው።

እኔ ሥራው ላይ 6 ዓመቴ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ያለች ጠረጴዛ ተከራይቼ እሠራለሁ። ስማር ካንቺ የባስኩ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ አቋርጬ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፣ የተመለስኩትም ጀግና ስለሆንኩ ሳይሆን የከፈልኩት ብር አንገብግቦኝ ነው።

መጀመሪያ ይሄን 2 ወር የምትይውን ነገር እንየው። ወር አትቁጠሪ፣ ሰዓት ቁጠሪ። 8 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት፣ ሲደመር 48 ሰዓት ነው። ከዛ ላይ አስተማሪዋ ስታሳይ ቆማችሁ ያያችሁበትን፣ ተራ የጠበቅሽበትን፣ መብራት ሄዶ ላምፑ እስኪበራ ያወራችሁበትን ቀንሺ። ብሩሹ እጅሽ ላይ የቆየው 20 ሰዓት ከሞላ ጎበዝ ነሽ። አሜሪካ ያሉ እህቶቻችን ለጥፍር ሥራ ፈቃድ የሚጠየቁት ቨርጂኒያ 150 ሰዓት፣ ካሊፎርኒያ 400፣ ቴክሳስ ደግሞ 600 ሰዓት ሥልጠና ነው። ያንን ጨርሰውም ገና ፈተና አለባቸው። አንቺ በ20 ሰዓት እጄ አልታዘዝ አለኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ። እሺ አልቅሺ፣ ግን ሂሳቡን አውቀሽ አልቅሺ።

አሁን የባሰብሽ የሚመስልሽ ዓይንሽ ስለተከፈተ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሠራሽውን ፎቶ ካለሽ አውጪና እዪው። ያኔ ያማረ መስሎሽ ለእናትሽ አሳይተሻል አይደል? አሁን ጠርዙ ተንጋዶ፣ ጄሉ ቆዳው ላይ ፈሶ ይታይሻል። እጅሽ ትንሽ ተሻሽሏል፣ ዓይንሽ ግን ጥሎት ሄዷል። በጣም የሚያስጠላው ጊዜ ይሄ ነው። እኔም ሁለቱንም ጊዜ ያቋረጥኩት እዚሁ ቦታ ላይ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። መማር በጀመርኩ በ3ኛው ወር ማሽን ሰጡን። የሞረድ ማሽኑን ማለቴ ነው። ልቤ አበጠ። ቤት ወስጄ የአክስቴን ልጅ እጅ ያዝኩና አሮጌውን ጄል ላነሳላት ጀመርኩ። ማሽኑን ተኝቶ እንዲሄድ ማድረግ ሲገባኝ ጫፉን አቁሜ፣ ኪውቲክሏ (ጥፍር ሥር ያለችው ስስ ቆዳ) አጠገብ ተጫንኩት። «ዋይ!» ብላ እጇን ነጠቀችኝ። የመሃል ጣቷ ጥፍር ሥር ላይ ቅስት የመሰለች ቀይ መስመር ወጣች። ጥፍሯ እዛ ቦታ ላይ ተቦርቡሮ ሳስቷል። ይቅርታ ጠይቄ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ያንን ጣት ባዶውን ተውኩት። ማታ ቁጭ ብዬ «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም» አልኩ። ልክ እንዳንቺ።

በ15 ቀኗ መጣች። (ዘመድ ጥሩነቱ፣ ብታቃጥይውም ተመልሶ ይመጣል።) መስመሯ ትንሽ ወደ ፊት ሄዳለች። የልጅ ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁት። ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ያቺ መስመር ጫፍ ደርሳ እስክትቆረጥ ወራት ይፈጅባታል። እኔም ያኔ ለራሴ «መስመሯ እስክትወጣ አላቋርጥም፣ ከዛ በኋላ የፈለግኩትን እሆናለሁ» አልኩ። ሌላ እቅድ አልነበረኝም። በየ15 ቀኑ ትመጣለች፣ 9ኙን ጣት እሠራላታለሁ፣ 10ኛውን እለካለሁ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጥፍሯን ከጎዳሁባት በ5ኛው ወር መስመሯ ጫፍ ደርሳ በጥፍር መቁረጫ ቀጭ አደረግናት። እስከዛ ድረስ 9ኙ ጣቶች ላይ የሠራሁት ከ5 ቀን ወደ 2 ሳምንት ተኩል መቆየት ጀምሮ ነበር። እኔ መቼ እንደተለወጥኩ አላወቅኩም። ደብተሩ ነው የነገረኝ።

ስለዚህ ደብተር ግዢ። የ10 ብርም ትሁን የ50፣ ግዢ። ሥራሽን በውበቱ አትለኪው፣ ስንት ቀን ቆየ በሚለው ለኪው። የማን እጅ፣ መቼ ተሠራ፣ የትኛው ጣት በስንተኛው ቀን ተነሳ፣ ከየት በኩል ተነሳ። ከየት በኩል የሚለውን አትዝለይ። ከሥሩ ከተነሳ ወይ ኪውቲክሉን በደንብ አላጸዳሽም ወይ ጄሉ ቆዳው ላይ ፈሷል። ከጫፉ ከተላጠ ጫፉን አልሸፈንሽም። ሁሉም ጣት እንዳለ ከለቀቀ ጥፍሩ ላይ ቅባት ወይ እርጥበት ነበር፣ ወይም ላምፕሽና ጄልሽ አይስማሙም። አክሪሊክ (ከዱቄትና ከፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራውን ጥፍር) ከጀመርሽ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ላይ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ቶሎ አይደርቅልሽም፣ አንዳንዴም አመዳይ የመታው ይመስላል። እኔ አንድ ሙሉ ክረምት ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ተቃጥያለሁ፣ ጉዳዩ ቅዝቃዜው ነበር።

የሰዎቹንም ኑሮ ጻፊ። ይሄን የውጭ ቪዲዮ አያስተምርሽም። የኛ ደንበኛ በእጇ ትበላለች፣ ያውም በቀኝ እጇ። ስለዚህ የቀኝ እጇ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ቀድሞ ይበላሻል። ነጭና ሥጋ መሳይ ቀለም የተሠራች ሴት እርድ የበዛበት አልጫ በልታ ብትመጣ ጥፍሯ ቢጫ ይሆናል፣ እሷም «ቀለምሽ ረካሽ ነው» ትልሻለች። ልብስ በእጇ የምታጥብ፣ በረኪና የምትነካ ሴት ላይ የሠራሽው 10 ቀን ከቆየ፣ ቢሮ የምትውል ሴት ላይ 3 ሳምንት ከሚቆየው ይበልጣል። ይሄን ሳታውቂ ነው ራስሽን የምትወቅሽው። እነዛ ጓደኞችሽም ቪዲዮ የሚያነሱት በመጀመሪያው ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀንማ የኔም ያምር ነበር።

አሁን ቆጣ ብዬ የምነግርሽ ነገር አለ። ስትለማመጂ ጄል ቆዳሽን እንዲነካ አትፍቀጂ። ያልደረቀ ጄል ውስጥ ሄማ የሚባል ነገር አለ፣ ሌሎችም ዘመዶቹ አሉ። ቆዳ ላይ እየተደጋገመ ሲነካ አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቅም። እኔ የተማርኩበት ቦታ ጓንት የሚባል ነገር አልነበረም፣ የፈሰሰውን ጄል በጣታችን ነበር የምንጠርገው። አብራኝ የተማረች ልጅ፣ ከሁላችንም እጇ ይበልጥ የነበረች፣ ጣቶቿ እያሳከኳትና እየተሰነጣጠቁ ሥራውን ትታ ወጣች። ሞራል አልነበረም ያነሳት፣ አልችል ብላም አልነበረም። የአክሪሊክ ዘሩ የጥርስ ሐኪም ዕቃ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 አንድ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ጥፍሩ ተሰብሮበት ለመጠገን የራሱን የጥርስ ማቴሪያል ተጠቀመና ከዛ ነው የመጣው። ዛሬም የጥርስ መሙያ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ስላለ፣ አለርጂው ያለባት ሴት ጥርስ ስታስሞላ ለሐኪሙ መናገር አለባት። ናይትራይል ጓንት አድርጊ፣ ላቴክሱ ቶሎ ያሳልፋል። ከአንድ ጄል ጋር የሌላ ድርጅት ላምፕ አትቀላቅይ። እጅሽን ካሳከከሽ ደግሞ «ይለምደኛል» ብለሽ አትቀጥይ፣ ቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ቤተሰብሽን በተመለከተ ብዙም ምክር የለኝም፣ የኔ አባት እስካሁን ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «ፀጉር ቤት ነው የምትሠራ» ነው የሚለው። ግን ሙያ አይደለም ካሉሽ የቬትናሞቹን ታሪክ ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከጦርነት ሸሽተው ካሊፎርኒያ የስደተኞች ካምፕ የገቡ 20 ሴቶች ነበሩ። ቲፒ ሄድረን የምትባል የፊልም ተዋናይት ልትጠይቃቸው ስትሄድ ጥፍሯን ወደዱላት፣ እሷም የራሷን ጥፍር ሠሪ አምጥታ አስተማረቻቸው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የጥፍር ሥራ ሲባል መጀመሪያ የሚነሱት ቬትናሞች ናቸው። ቋንቋ የማይችሉ፣ ቤታቸውን ጥለው የመጡ ሴቶች ናቸው እንግዲህ። ለአባቴ ነገርኩት፣ «እነሱማ ቬትናሞች ናቸው» አለኝ። ተይው።

ሌላው፣ ገና ተምረሽ ስትወጪ ሁዳዴ ላይ ብትወድቂ አትደንግጪ። ሥራችን በሰርግ ነው የሚንቀሳቀሰው። ጥር ላይ መሽቶ ይነጋል፣ ከፋሲካ በኋላ ሙሽራና ሚዜ ይደራረብብሻል፣ እነዛ 55 የጾም ቀናት ግን ዝም ነው። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን በጾሙ 2ኛ ሳምንት ጀምሬ በ9 ቀን አንድ ሰው ብቻ ሲገባልኝ ጠላት ያስደገመብኝ መስሎኝ ነበር። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሳቀችብኝና «ይልቅ ተለማመጂበት» አለችኝ። አሁን ጾሙን የምጠብቀው ለዛ ነው፣ አዲስ ነገር የምሞክረው ያኔ ነው። በመሐል ደግሞ ዕቁብ ብጤ ግቢና ቻርጅ የሚደረግ ላምፕ ግዢ። ደንበኛሽ 6 ጣት ተሠርታ መብራት ሲሄድ የሚሰማሽን ስሜት ጠላትሽም አይይ።

ላቋርጥ ወይ ላልሽው፣ የከፈልሽው ኮርስ እስኪያልቅ አታቋርጪ። ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ምረጪ፣ እህትሽም ትሁን ጎረቤት፣ እጇን ለ3 ወር የምታበድርሽ። በየ15 ቀኑ ሥሪላት፣ ጻፊ። በ3ኛው ወር ቀኑ ካልጨመረ፣ ያኔ አብረን ቁጭ ብለን ስለማቋረጥ እናወራለን፣ ምንም አያሳፍርም። ከጨመረ ግን ስለ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናና ስለ ጠረጴዛ ኪራይ የምነግርሽ ብዙ አለኝ።

በቃ ደንበኛዬ መጣች፣ ስልክ እያወራች በር ላይ ቆማለች። የሚቀጥለውን ሥራሽን ፎቶ እዚሁ ለጥፊልን፣ ግን የመጀመሪያውን ቀን አይደለም የምፈልገው። የ10ኛውን ቀን፣ የቀኝ እጇን፣ ከቅርብ አንስተሽ። የተነሳ ጣት ካለ እንዳትደብቂው፣ ከየት በኩል እንደተነሳ አይቼ እነግርሻለሁ።